«ከማን ጋር ነው የመጣኸው?»

የካቲት 21 ቀን 1996 ዓ.ም. የምኩራብ እሑድ ነበር። ያን ጊዜ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በሚገኝ ባለ ብዙ አዳራሽ ሲኒማ ቤት ትኬት ተቀባይ ነበርኩ። በዲቪ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን መያዜ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ የመስታወቱ በር ተከፈተና ነጠላ የለበሱ ሰዎች ገቡ፤ ከፊት አንዲት አርባዎቹን የተሻገሩ እናት፣ ከኋላቸው 11 ልጆች። ከቅዳሴ በቀጥታ እንደመጡ ያስታውቃሉ። ሲጠጉኝ ዕጣን ዕጣን ሸተቱኝ። የመጡት ከአራት ቀን በፊት መታየት የጀመረውን የሜል ጊብሰንን «ዘ ፓሽን ኦፍ ዘ ክራይስት» ሊያዩ ነው።

እናትየው 12 ትኬት በእጃቸው ይዘዋል። መስኮቱ ላይ ያለችው ሻጭ አዋቂ ሰው ስለጠየቃት ቆርጣ ሰጥታለች። እኔ ጋ ሲደርሱ ግን ጉዳዩ የኔ ሆነ። ፊልሙ «አር» የሚል ፊደል ተሰጥቶታል፤ 17 ዓመት ያልሞላው ልጅ ወላጁ ወይም አሳዳጊው አብሮት ካልገባ አይገባም ማለት ነው።

«እትዬ፣ ልጆቹ የእርስዎ ናቸው?» አልኳቸው።

«አዎን፣ የኔ ናቸው።»

«ሁሉም?»

«ሁለቱ ከሆዴ የወጡ ናቸው። የቀሩትን እናቶቻቸው አደራ ሰጥተውኛል። አደራ የተቀበለ ሰው እናት አይደለም እንዴ፣ ልጄ?»

መልስ አጣሁ። ማናጀሩን ጠራሁት። ከሃያ አራት ዓመት የማይበልጥ ትሑት ልጅ ነበር። የቤቱ ደንብ ወላጅ ከራሱ ልጆች ጋር እንዲገባ እንደሚፈቅድ፣ የሰው ልጆችን ግን አንድ ጎረቤት ሰብስቦ ቢያመጣቸው እንደማይፈቅድ ነገራቸው፤ እኔ እየተረጎምኩ። «የጌታን ሕማም ለማየት መታወቂያ ይጠየቃል?» አሉ እትዬ። ይህንንም ተረጎምኩለት። ፊቱ ቀላ፤ ቃሉን ግን አላጠፈም። በዚያች ሰዓት ልቤ ሙሉ በሙሉ ከእሳቸው ጋር ነበር። በስልክ ሲጠራሩ ቆይተው ሁለት አባቶች እየከነፉ ደረሱና ከዘጠኙ ስድስቱ ገቡ። ወላጆቻቸው ሥራ ላይ የነበሩት ሦስቱ ወንዶች ልጆች ገንዘባቸው ተመልሶላቸው መግቢያው ላይ ካለው ሶፋ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት ይሆናቸዋል።

ፊልሙ ከተጋመሰ በኋላ የአዳራሹ በር ተገፋና አንዲት ሕፃን ብቻዋን ወጣች። የእትዬ የራሳቸው ልጅ ናት፤ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳለች። መጥታ አጠገቤ ቆመችና በጣም ቀስ ብላ፣ «ጅራፉ አልቋል?» አለችኝ።

እኔ ፊልሙን አላየሁትም ነበር። ከአዳራሹ የሚወጣውን ድምፅ ግን እሰማ ስለነበር «ገና ነው» አልኳት። ያለኝን ወንበር ሰጠኋት። ፊልሙ እስኪያልቅ ከዚያ አልተነሣችም።

ያቺን ልጅ እስከ ዛሬ አስባታለሁ። ደንቡ በር ላይ ያስቀራቸው ትልልቆቹን፣ ምናልባትም ያዩትን ችለው ከቤት ሲመለሱ ሊነጋገሩበት ይችሉ የነበሩትን ነው። እሷን ያሳለፋት ደግሞ ያው ደንብ ነው፣ እናቷ አብራት ነበረችና። ሁለቱንም ያስፈጸምኩት እኔ ነኝ፤ በሁለቱም አልተሳሳትኩም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል እዚያው በር ላይ ቆሜያለሁ። ያገሬ ሰዎች በየጊዜው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ልጅ ብታሳልፍ ፖሊስ ይይዝሃል?» የሚል። አይይዘኝም። አሜሪካ ውስጥ በፊልም ላይ የሚለጠፈው የዕድሜ ገደብ የመንግሥት ሕግ አይደለም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1952 ፊልም እንደ ጋዜጣና እንደ መጽሐፍ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ጥበቃ አለው ብሎ ከወሰነ ወዲህ የመንግሥት ሳንሱር እየተዳከመ ሄደ። የፊልም አምራቾቹ ማኅበር፣ በጃክ ቫለንቲ መሪነት፣ መንግሥት ሌላ መንገድ ሳይፈልግ በፊት በራሱ ፈቃድ የፊደል ደረጃ አወጣ። ኅዳር 1 ቀን 1968 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ ዋለ። ደረጃውን የሚሰጡት ሎስ አንጀለስ ተቀምጠው ፊልሞቹን አስቀድመው የሚያዩ ወላጆች ናቸው፤ ጫና እንዳይደርስባቸው የአብዛኞቹ ማንነት አይገለጽም። ሲኒማ ቤቶቹ ደግሞ በማኅበራቸው በኩል ደረጃውን በር ላይ እናስከብራለን ብለው ተስማሙ።

ፊደሎቹ እንደ ዘመኑ ሲለዋወጡ ኖረዋል። የ«አር» ገደብ መጀመሪያ 16 ነበር፤ በ1970 ወደ 17 ከፍ አለ። በ1984 «ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ቴምፕል ኦፍ ዱም» እና «ግሬምሊንስ» ለሕፃናት ከባድ ናቸው ብለው ወላጆች ሲያማርሩ፣ ስቲቨን ስፒልበርግ ራሱ መካከለኛ ደረጃ ይኑር ብሎ ሐሳብ አቀረበና በዚያው ዓመት «ፒጂ-13» መጣ። ይህ ማስጠንቀቂያ እንጂ ክልከላ አይደለም፤ የአሥር ዓመት ልጅ ብቻውን ቢመጣ ትኬቱን ተቀብዬ አሳልፈዋለሁ። በ1990 የመጣው «ኤንሲ-17» ግን በሩን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል፣ ወላጅም ቢኖር። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ፊልም አንድም ጊዜ አላሳየንም።

ስለዚህ የእኛ በር ላይ ክርክሩ ሁሉ በ«አር» ዙሪያ ነበር። ልጁን ባሳልፈው ቅጣት የለም፤ ፈቃድ የሚነጥቅ መሥሪያ ቤት የለም። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች የማኅበሩን ፊደል ወስደው ሕግ ሊያደርጉት ሲሞክሩ ፍርድ ቤቶች «የግል ማኅበር ያወጣው ደረጃ በሕግ አስገዳጅ ሊሆን አይችልም» እያሉ ሽረውባቸዋል። ታዲያ ሲኒማ ቤቱ ለምን ይጨነቃል? አንደኛው ምክንያት ፍርሃት ነው፤ እኛ ካልጠበቅነው መንግሥት ይገባበታል የሚል ፍርሃት። በሚያዝያ 1999 (እ.ኤ.አ.) ኮሎራዶ፣ ኮሎምባይን ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎች 13 ሰው ሲገድሉ አገሩ በሙሉ ዓይኑን ወደ ፊልምና ወደ ቪዲዮ ጌም አዞረ። በሰኔ ወር ፕሬዚዳንት ክሊንተን ከሲኒማ ባለቤቶች ጋር ቆመው፣ ለ«አር» ፊልም ወጣት የሚመስል ሁሉ ፎቶ ያለበት መታወቂያ እንደሚጠየቅ አስታወቁ። ያ ወር ሳያልቅ «ሳውዝ ፓርክ» የተባለው የካርቱን ፊልም በ«አር» ወጣ፤ ልጆችም በዚያው ሰሞን የሚታየውን «ዋይልድ ዋይልድ ዌስት»ን ትኬት እየገዙ ወደ ካርቱኑ አዳራሽ ይሾልኩ ነበር። እኔ ሥራ ስገባም ነባሮቹ ሠራተኞች ስለዚያ ክረምት ገና አውርተው አልጠገቡም።

ቁጥሩ የሚታወቀው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስላጠናው ነው። ኮሚሽኑ ከ13 እስከ 16 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ያለ ወላጅ ወደ ሲኒማ ቤቶች እየላከ የ«አር» ትኬት እንዲጠይቁ ያደርግ ነበር። በ2000 (እ.ኤ.አ.) ከመቶው 46ቱ ትኬት ተሸጠላቸው። በ2010 ወደ 33፣ በ2013 ደግሞ ወደ 24 ወረደ። አስገዳጅ ሕግ ሳይኖር ከግማሽ ግድም ወደ ሩብ መውረዱ ቀላል ነገር አይደለም፤ የብዙ ሰው ድካም አለበት። ነገር ግን ትኬት መግዛትና አዳራሽ መግባት ለየቅል ናቸው። ይህን ደግሞ ከኮሚሽኑ ይልቅ ባትሪ ይዞ ኮሪደር የዞረ ሰው ያውቀዋል።

መስኮቱ ላይ መያዝ ቀላል ነው። ልጁ መታወቂያ ሲባል የትምህርት ቤቱን ያወጣል፤ የትምህርት ቤት መታወቂያ ብዙ ጊዜ የትውልድ ቀን የለበትም፤ አንቀበለውም። የወንድሙን መንጃ ፈቃድ ይዞ የሚመጣም አለ፤ «ቁመትህ ስንት ነው?» ሲባል ይደናገራል። መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመው የማያውቁትን አዋቂ «ትኬት ግዛልን» የሚሉም ነበሩ። አንድ ቀን ያገሬ ሰው፣ የታክሲ ሹፌር፣ አዝኖላቸው ለአራት ልጆች ገዝቶ ሰጣቸው። «አብረሃቸው ትገባለህ?» ብለው «ሥራ ላይ ነኝ» አለኝ። እንግዲያው አይገቡም አልኩት። «ምን ክፋት አለው፣ ልጆች ናቸው» አለ። ልጆች መሆናቸው ነው ነገሩ፣ ወንድሜ፣ አልኩት።

ቀዳዳው ከመስኮቱ ወዲህ፣ ውስጡ ነው። ባለ ብዙ አዳራሽ ሲኒማ ቤት ውስጥ ትኬት አንድ ጊዜ ከተቀደደ በኋላ ኮሪደሩ የሁሉም ነው። ልጁ ለአራተኛው አዳራሽ፣ ለ«ፒጂ» ፊልም፣ በሕጋዊ መንገድ ይገዛል፤ መጸዳጃ ቤት ይገባል፤ ሲወጣ ወደ አሥራ አንደኛው ይታጠፋል። እኛ በየአዳራሹ የተሸጠው ትኬት ቁጥር የታተመበት ወረቀት እየያዝን እንገባ ነበር። 38 ተሸጦ 50 ራስ ካለ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ጨለማ ውስጥ የልጅን ፊት መለየት ከባድ ስለሆነ አንዲት ነባር ሠራተኛ ያስተማረችኝን እጠቀም ነበር፤ ባትሪውን ወለሉ ላይ አበራና ማን ዞሮ እንደሚያይ አያለሁ። አዋቂ ሰው ብርሃን ሲመጣበት ዞሮ ያያል፤ አንዳንዱም ይቆጣል። ሾልኮ የገባ ልጅ ግን አይዞርም። አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ፣ መጋረጃው ላይ ይተክላል። ስድስት ልጆች በአንድ ረድፍ እንዲህ ደርቀው ሲቀመጡ አይቼ አውቃለሁ፤ ልባቸው ሲመታ የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ማን እንደሆነም መታወቅ አለበት። ያን ጊዜ ደመወዛችን በሰዓት 5 ዶላር ከ15 ሳንቲም፣ የመጨረሻው ዝቅተኛ ክፍያ ነበር። ከባልደረቦቼ ብዙዎቹ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪዎች ናቸው። ራሳቸው ያለ ወላጅ ሊያዩት የማይፈቀድላቸውን ፊልም በር ይጠብቃሉ፤ የክፍል ጓደኛቸው በትኬት ሲመጣ ዓይን ዓይኑን እያዩ «አይቻልም» እንዲሉ ይጠበቃል። ሰኞ ትምህርት ቤት ይገናኛሉ እኮ! እምቢ የሚሉትን አከብራቸው ነበር። አሳልፈው የሚሰጡትንም አልፈርድባቸውም፤ ሸክሙ ከትከሻቸው በላይ ነበር።

እኔም ተሳስቻለሁ። በዚያው የፈረንጆች ዓመት በጥቅምት (ኦክቶበር) መጨረሻ፣ የሃሎዊን ሰሞን፣ «ሶው» የተባለው አስፈሪ ፊልም በወጣበት ቅዳሜ ማታ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሶ ነበር። ሁለት ሠራተኞች ቀርተዋል። እጄ ሳላስበው ይቀድዳል። አንድ ረጅም ልጅ ወጣቶች መካከል ገብቶ አለፈ፤ ቀና ብዬ ፊቱን አላየሁትም። በማግስቱ አባቱ መጣ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ልጁ 12 ዓመቱ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ መብራት አብርቶ አድሯል። አባትየው ለሌላ ፊልም ብሎ ገንዘብ ሰጥቶት በር ላይ አውርዶት ሄዶ ኖሯል። «እናንተ እንደማታስገቡት አምኜ ነው ያወረድኩት» አለኝ።

ያን ዕለት ማታ አውቶቡስ ስጠብቅ እትዬ ትዝ አሉኝ። የዘጠኝ ልጆችን አደራ ተቀብለው ሲመጡ ማናጀሩ ይህን ዓይነት አደራ አላውቅም ብሎ መልሷቸዋል። ይህ አሜሪካዊ አባት ደግሞ መኪናው ውስጥ ሆኖ እጁን ሲያውለበልብና ሲሄድ ልጁን ለእኔና ለአሥራ ስድስት ዓመት ባልደረቦቼ አደራ ሰጥቷል፤ አንድ ቃል ሳይናገር። እኔ የበላሁት ያንን አደራ ነው። የሲኒማ ቤት በር ላይ ዕድሜ መጠየቅ ምን ጥቅም አለው ለሚሉኝ የምመልሰው ይህን ነው። ደንቡ ያለው መንገድ ዳር አውርዶ ለሚሄደው ወላጅ ነው። አብሮ ለሚገባው ወላጅ ግን ምንም አያደርግለትም፤ ለዚያች ሰባት ዓመት ልጅ እንዳላደረገላት።

የአክስቴ ልጅ ለንደን ይኖራል። የዛሬ ጥቂት ዓመት የአሥራ አራት ዓመት ልጁን ይዞ «15» የተጻፈበት ፊልም ሊያይ ሄዶ ከበር መለሱት። «አባቷ ነኝ አልኳቸው፣ ፓስፖርቷንም አሳየኋቸው፤ ፓስፖርቱ እኮ ነው የባሰ ያጋለጣት» ብሎ በስልክ እየተናደደ አወራኝ። እዚያ ነገሩ የተለየ ነው። ከ1909 (እ.ኤ.አ.) ሕግ ጀምሮ ሲኒማ ቤት የሚከፈተው የአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ ሲሰጥ ነው። ደረጃውን የሚያወጣው በ1912 የተቋቋመው የእንግሊዝ የፊልም ደረጃ ቦርድ ይሁን እንጂ፣ ያንን ደረጃ ማክበር የፈቃዱ ግዴታ ነው። «15» እና «18» ሲሉ በትክክል እንደተጻፈው ነው፤ አባትም እናትም ሊፈቱት አይችሉም። ከወላጅ ጋር የሚፈታው «12ኤ» የሚባለው ብቻ ነው። እሱም የመጣው በ2002 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት «ስፓይደር ማን» 12 ተብሎ ትንንሾች ሲከለከሉ ወላጆች ተቆጥተው፣ አንዳንድ ምክር ቤቶችም በራሳቸው ሥልጣን በሩን ከፍተውላቸው ነበር።

ስለዚህ የለንደኑ ትኬት ተቀባይ ልጅ ቢያሳልፍ አሠሪው ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። በሩ የጠበቀው ለዚህ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ «ዘ ፓሽን ኦፍ ዘ ክራይስት» እንግሊዝ ውስጥ የተሰጠው 18 ነው። እትዬ ለንደን ቢሆኑ ኖሮ ከ11ዱ አንዱም አይገባም ነበር፤ የሆዳቸው ፍሬዎችም ጭምር። ለትንሿ ልጅ ስል የእንግሊዙን እመርጣለሁ። ሶፋው ላይ ለቀሩት ሦስት ልጆች ስል ደግሞ የአሜሪካው ላላ ብሎ፣ የአደራን ትርጉም ሰፋ አድርጎ ቢያይ እወድ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስማማ ደንብ እስካሁን አላገኘሁም።

እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። አያቶቻችን የከተማዋን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ይሉት እንደነበር ስንሰማ አድገናል፤ ወላጆቻችን ግን እሑድ እሑድ የሕንድ ፊልም ይወስዱን ነበር። ያኔ ለእኛ ዋናው ሲኒማ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ ጭቃ ግድግዳ፣ አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ፣ አንድ ቴሌቪዥን። ቀን ቀን ካራቴ፣ ሲመሽ ለልጅ የማይሆን ነገር። የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ባለቤት መታወቂያ ጠይቆ አያውቅም። የሚጠይቀው «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ነው፤ እኔን እሱንም አልጠየቀኝም፣ አባቴን ያውቀዋላ። አንድ ምሽት ከትልልቆቹ መካከል ተሸጉጬ ሲያገኘኝ ጆሮዬን ይዞ እስከ ቤታችን በር አደረሰኝ። ከዚያ ወዲህ እዚያ በማታ ድርሽ አላልኩም። በሌላው ሳምንት ግን መርካቶ ሄድኩ። እዚያ የሚያውቀኝ ስላልነበረ ሳንቲሜን ተቀብለው አስገቡኝ፤ በአሥራ አንድ ዓመቴ ማየት የማይገባኝን አየሁ። ዛሬም ከዓይኔ ያልጠፋ ነገር አለ፤ እዚህ አልጽፈውም።

ሜሪላንድ በር ላይ ስቆም ያጣሁት ያንን የሰፈራችንን ሰው እውቀት ነው። በቀን ሺህ ሰው ያልፋል፤ የማን ልጅ እንደሆነ የማውቀው የለም። መታወቂያ ያንን እውቀት ይተካል ተብሎ የመጣ ወረቀት ነው።

አሁን ሥራዬ ሌላ ነው፤ ሲኒማ የምገባው እንደማንኛውም ሰው ነው። ብዙ ነገር ተለውጧል። ትኬት በስልክ ይገዛል፤ የወንበር ቁጥር አለው። የወንበር ቁጥር ከእኛ ባትሪ የበለጠ ሠርቷል ባይ ነኝ፣ ሾልኮ የገባ ልጅ የሰው ወንበር ላይ ይቀመጥና የወንበሩ ባለቤት ያስነሣዋል። በሌላ በኩል መስኮቱ ላይ ትኬት የሚሸጥ ሰው የሌለባቸው ቤቶች አሉ፤ ማሽን ነው የሚሸጠው። ማሽኑ «ዕድሜህ ይፈቅድልሃል?» ሲል «አዎ» የሚለውን መንካት ነው። ደግሞ እንደ ኤኤምሲ ያሉ ትልልቅ ሲኒማ ቤቶች ከ6 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ወደ «አር» ፊልም፣ ወላጅም ቢኖር፣ አያስገቡም። ይህን ሲያወጡ ስሰማ ደስ ብሎኛል። ዕድሜው ከፍ ቢል፣ ሰዓቱም ቢሰፋ ደግሞ እወድ ነበር፤ ሰባት ዓመት ልጅ በቀን ብርሃን ምን እንደምትሆን አይቻለሁና።

በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ዓ.ም.፣ «ዴድፑል ኤንድ ዎልቨሪን» ወጣ። ልጄ 14 ዓመቱ ነበር። ጀግኖቹ የልጆች አሻንጉሊት ላይ ያሉት ስለሆኑ ብዙ ወላጅ የልጅ ፊልም ይመስለዋል፤ ደረጃው ግን «አር» ነው። ከእሱ ጋር ገብቼ፣ ስንወጣ ስለ ደሙም ስለ ስድቡም ልናወራ ወስኜ እሺ አልኩ። ልጄ ጓደኛውን ይዤ ልምጣ አለ፤ ጎረቤታችን የሆነ ያገራችን ልጅ፣ 13 ዓመቱ። ሦስት ወንበር በስልኬ ገዛሁ።

በሩ ላይ ጥርሷ ላይ ሽቦ ያሰረች ልጅ ቆማለች። ከልጄ ብዙም አትበልጥም። ስልኬን ስካን አደረገች፣ ልጆቹን አየች፣ ትንሽ አመነታችና «ሁለቱም የአንተ ናቸው?» አለችኝ። ከኋላችን ሰልፍ አለ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ብትፈራም ጠየቀች።

አፌ ላይ የመጣው «አዎን፣ የኔ ናቸው» ነው። የጓደኛው እናት እኮ «ከአንተ ጋር ከሆነ ምን ቸገረኝ» ብላ ሰጥታኛለች። ግን ምን ፊልም እንደሆነ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። ከሰልፉ ወጣሁና ደወልኩላት።

«ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?» አለች።

ፖስተሩ ላይ ከፊደሉ አጠገብ በትንሹ የተጻፈውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት፤ ከዳር እስከ ዳር ደም የሚፈስበት ከባድ ጥቃት፣ ስድብ፣ የሰው ገላ የሚበጣጠስበት፣ ስለ ወሲብም የሚወራበት። ዝም አለች። ከበስተኋላዋ የምጣድ ድምፅ ይሰማኛል፤ እንጀራ እየጋገረች ነው።

«ያንተ ልጅ ቢሆን ታስገባው ነበር?» አለችኝ።

«የኔን ላስገባው ነበር የመጣሁት» አልኳት።

«እንግዲያው ያንተን አስገባ። የኔ ግን ይቅርብኝ። እኔ ሳላየው አይየው።»

ልጆቹ አጠገቤ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። አንዱን አስገብቼ አንዱን ሶፋ ላይ ማስቀረት አልቻልኩም፤ ያንን አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ሽቦ ያሰረችው ልጅ ገንዘባችን እንዴት እንደሚመለስ አሳየችን። በዚያው ሰዓት «ትዊስተርስ» ነበር፤ ፒጂ-13፣ ስለ አውሎ ነፋስ። ገባን። ልጄ መኪና ውስጥ እስክንገባ ድረስ አላናገረኝም፤ ጓደኛው ግን ፈንዲሻውን ወደ እኔ ዘረጋልኝ።